በጆንያው የተላከከው ሙቀት

ቆቦ ላይ የመጠጥ ውሃ የምናቀዘቅዘው በጆንያ ነው። ጀሪካኑ በጆንያ ይጠቀለላል፤ ጆንያው በደንብ ይነከራል፤ ከዚያ ንፋስ የሚያገኝበት ጥላ ተፈልጎለት ይቀመጣል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲጠጣ ጥርስ ያንዘረዝራል። ፍሪጅ ያላቸው ቤቶች እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር ጆንያቸውን ፍለጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከኮምፒውተር ጀርባ ባለ መስኮት ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀሌ ለእኔ ትልቅ ነገር አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማየውን ነው ያደረግኩት። ኋላ ግን ያ ጆንያ በሰፈራችን ስሜ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ነገር ሆነ። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንዴት እንደነበረ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለማስቀመጥ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ሰርግ እየቀረፀ ኤዲት ያደርጋል። ኮምፒውተር መንካት ያስተማረኝ እሱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ኬዙን ከፍቶ «ይቺ ማዘርቦርድ ናት፤ ሁሉም ነገር የሚሰካው እሷ ላይ ነው» ብሎ ያሳየኝን ቀን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ስጠብቅ፣ ጥሪውም ሲዘገይ፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ዘንድ እውል ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ኢንጂነሬ» ይላል። እኔም ያቺን ቃል ለመስማት ስል የማልሠራው ሥራ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰርግ ተደራረበብን። ከሦስቱ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነው። የሙሽራዋን እናት እኛ ቤት እትዬ እንላቸዋለን። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው፤ እናትና አባቴ ሽንኩርት ማሳ ሲውሉ ያዘሉኝ እሳቸው ናቸው። ሰርጉ እሁድ ነበር፤ ቅልቅሉ ሐሙስ። ከዋጃና ከጎብዬ የሚመጡት ዘመዶች ሰርጉ ላይ ስላልነበሩ፣ ዳሱ ውስጥ ቴሌቪዥን ተቀምጦ ፊልሙን እንዲያዩ ታስቧል። እትዬ ሰኞ ጠዋት ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጡ።

«እስከ ሐሙስ ይደርሳል በሉኝ እንጂ! የዋጃዎቹ ስንቴ ደወሉ መሰለህ። የልጅቷን ሰርግ በስልክ ነው እንዴ የምንሰማው አሉ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ኮምፒውተራችን አንዱን ሰርግ ብቻ ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ፊልም አድርጎ ለማውጣት፣ ቀንም ሌሊትም እየሠራ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ይደርሳል እትዬ፤ አብሽሩ» አልኩ እኔ።

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

«የኔ ልጅ! አላህ ያሳድግሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። የመጀመሪያው ስህተት የእኔ መሆኑን እዚህ ላይ አምናለሁ። ሰው ደስ ሲለው ማየት ስለምወድ የማላውቀውን ማልኩ።

መፍትሔ ብዬ ያሰብኩት ኦቨርክሎክ ማድረግ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። በስልኬ ብዙ አንብቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ሰማያዊ ገጽ ላይ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ፤ የሚሄድለትን ቮልቴጅም ትንሽ ትጨምርለታለህ። ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ግን ሙቀቱ ይጨምራል። አጎቴ ደግሞ ከደሴ ያመጣው፣ ፎቅ የሚመስል ረጅም ማቀዝቀዣ ነበረው። ጠፍጣፋውን የድሮ ፋን አንስተን እሱን ገጠምነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በስክሪኑ ላይ ሲወርድ አይተን ተጨባበጥን።

ደስታችን ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ማሽኑ ድርግም አለ። አስነሳነው፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደገመው።

«ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ነው እኮ!» አለ አጎቴ ስክሪኑን በጣቱ እየመታ። «ምን ሆነች ይቺ? ቡዳ በላት እንዴ?»

ያን ቀን ለአባቴ ምሳ ይዤ ማሳ ወረድኩ። አባቴ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ከጉድጓድ ውሃ በሚስብ ፓምፕ ነው። ውሃው ቶሎ እንዲወጣለት ቀበቶው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሌላ መጠን ቀይሮ ፓምፑን ከልኩ በላይ ያስሮጠው ነበር። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በመዳፉ ጀርባ ሞተሩን ነካ፤ ከዚያ ወደ ጎን ሄዶ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ያለበትን ነካና እጁን በፍጥነት ሰበሰበ።

«ሞተሩ ደህና ነው፤ ይኼኛው ግን ግሏል» አለኝ። «ሰው ሁሉ ሞተሩን ነው የሚያየው። ስትሮጥ ሸክሙ የሚያርፈው ግን እዚህ ነው።»

ምሳውን ሳይጨርስ ተመለስኩ። የኮምፒውተሩን ኬዝ ከፍቼ የመዳፌን ጀርባ ወደ ማዘርቦርዱ አስጠጋሁ። ረጅሙ ማቀዝቀዣ ለብ ያለ ነው። ከእሱ በስተግራ፣ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥኑ ጥቋቁር ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ እጄን እነሱ አጠገብ ማቆየት አልቻልኩም። ያኔ ገባኝ። የድሮው ጠፍጣፋ ፋን የሚነፍሰው ወደ ታች ስለነበር፣ ሳናስበው ቦርዱንም ያቀዘቅዝ ነበር። አዲሱ የሚነፍሰው ወደ ኋላ ነው። ፕሮሰሰሩን አድነን ቦርዱን ያለ አየር ትተነዋል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ፕሮግራምም የቦርዱን ቁጥር የሚያሳየው ከታች በኩል፣ ሁለታችንም ባላየነው መስመር ላይ ነበር።

ከተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ትንሽ ፋን ፈታሁና በቀጭን ሽቦ አስሬ ወደ እነዚያ ጥቋቁር ክፍሎች አዞርኩት። ቮልቴጁን ዝቅ አድርጌ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ላይ አቆምኩት። ክፍሉ ራሱ እንደ ምድጃ ስለነበር መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀልኩ፤ ከኮምፒውተሩ በሁለት ክንድ ርቆ፣ ጠብታው ውጭ እንዲወርድ አድርጌ። ከዚያ መዝገብ እንዲይዝ ፕሮግራሙን አዘዝኩት፤ በየደቂቃው ሰዓቱን፣ ቮልቴጁን፣ የፕሮሰሰሩንና የቦርዱን ሙቀት በፋይል ይጽፋል። እኔም በደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ።

ማሽኑ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ድሮ ከሚሄድበት ፍጥነት በጣም ባይበልጥም ለሐሙስ ያደርሰን ነበር። አጎቴ ለገባ ለወጣው ሁሉ ጆንያውን ያሳያል።

«አየር ማቀዝቀዣ ነው» ይላል። «የራያ አየር ማቀዝቀዣ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«እኔ ነኝ ያልከው?» ስለው፣

«አንቺና እኔ አንድ አይደለን እንዴ፣ ኢንጂነር?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ለእሱ ብዬም ሰማያዊው ገጽ እንዴት እንደሚከፈትና ቁጥሩ የት እንደሚቀየር ደረጃ በደረጃ በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ጎን ለጠፍኩለት። መጨረሻው ላይ «ከ1.25 በላይ አይነካም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አሰመርኩበት።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ አጎቴ ወደ ሮቢት ሂጂ አለኝ። ሁለተኛው ካሜራ ያዥ ዘንድ የቀረ የሚሞሪ ካርድ አለ፤ የሙሽራዋ የሂና ምሽት ያለው እሱ ላይ ነው አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ላቤ እየወረደ ሮቢት ደረስኩ። ካሜራ ያዡ ግራ ገብቶት አየኝ።

«ካርዱን እኮ ሰኞ ዕለት እጁ ላይ ሰጥቼዋለሁ። ረስቶት ነው?»

«ረስቶት ይሆናል» አልኩት። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አዘንኩለት። የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅኩ።

ስመለስ የተቃጠለ ነገር ሽታ ከመንገዱ ይጀምራል። የሙሽራዋ ወንድም በሩ ላይ ቆሟል። አጎቴ ክፍሉ መሃል፣ ጆንያዬን በእጁ ይዞ፣ ውሃው ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ ቆሟል። ማሽኑ ጠፍቷል።

«ይኸው!» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን በሩ ላይ ለቆመው ልጅ። «ውሃና መብራት! ስንቴ ነው የነገርኳት! ቦርዱን ገደለችው።»

«ጋሼ፣ ጆንያው እኮ...»

«ዝም በይ! አሁን ዝም በይ።»

ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ኬዙን ስከፍት ከጥቋቁሮቹ ክፍሎች አንዱ ተሰንጥቆ ዙሪያው ጠቁሯል። ውሃ የሚባል የለም፤ ደረቅ ነው። የእኔ ትንሽ ፋን ቦታው ላይ አልነበረም። መደርደሪያው ላይ፣ ገመዱ በራሱ ላይ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ሽቦው ተፈቶ ተቀምጧል። አጎቴ ሲቸኩል ገመድ በሥርዓት ጠቅልሎ አያውቅም፤ ይህኛው ተረጋግቶ የተነሳ ነው። ማን እንዳነሳው ስጠይቀው «ድምፁ ረብሾኝ ነው፤ ደግሞስ ሰው ሲመጣ ያሳፍራል» አለኝ። ይህንንም ያለው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዳሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ እንደተሸፈነ ዋለ። የዋጃ እንግዶች በልተው ጠጥተው አንዳንዶቹ «ፊልሙ የታለ?» ብለው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መልሱን ሰምተው ወጡ። እኔ ወጥ ቤት በኩል ሳህን እያቀበልኩ ነበር። አንዲት ሴትዮ ለሌላዋ «በውሃ ነው አሉ ያቃጠለችው» ስትል ሰማሁ። «ኮምፒውተር ውሃ አጠጥታ?» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እትዬ ቤት ተቀመጥን። የሙሽራዋ አባት፣ እትዬ፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ አጎቴ፣ እናቴና እኔ። አጎቴ ሳይቸኩል ተናገረ።

«ልጅ ናት። ለመርዳት ብላ ነው። እኔም ትቼላት መሄድ አልነበረብኝም። አፉ በሏት።»

ትቼላት መሄድ አለ። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የላከኝ እሱ ነው። አፌን ስከፍት እናቴ ጉልበቴን ያዘች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ «ለእኔ ስትይ። ወንድሜ ነው፤ ሥራው ይዘጋል» አለችኝ።

ያኔ የማውቀው ፋኑ መነሳቱን ብቻ ነበር። ስለ ሌላው እርግጠኛ አልነበርኩም። ምናልባት የእኔ ስሌት ስህተት ይኖርበታል ብዬም ራሴን ጠረጠርኩ። ተነስቼ የእትዬን ጉልበት ሳምኩ።

«አፉ በሉኝ እትዬ። አጥፍቻለሁ።»

«አፉ ብያለሁ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ግን እንደ ሰኞው አልነበረም።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። ዱዓ አደረጉ። አሚን አልን። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ ተናገሩ፤ «ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሳ ዱዓውን አፈረሰ። ተዘግቷል።» እኛ ዘንድ በዱዓ የተዘጋ ነገር አይነሳም። ያነሳ ሰው፣ እውነት ቢኖረውም እንኳ፣ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል። አጎቴ «አሚን» ሲል ከሁላችንም ድምፅ የእሱ ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ቪዲዮ ቤቱ ጥግ ተጥሎ በነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ቀረጻው ሁሉ ደህና ነበር። ፋይሎቹን እያየሁ ሳለ ፕሮግራሙን ያዘዝኩት የመዝገብ ፋይል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከፈትኩት። ማክሰኞ ሙሉውን ቮልቴጁ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ነው፤ የቦርዱ ሙቀት ከሰማንያ አምስት ዲግሪ አላለፈም። ረቡዕ ጠዋትም እንደዚያው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡ ይቋረጣል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ተነስቷል። ሲቀጥል ቮልቴጁ አንድ ነጥብ አራት ሁለት ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ የቦርዱ ቁጥር ዘጠና አምስት፣ መቶ አራት፣ መቶ አስራ አንድ እያለ ይወጣል። የፕሮሰሰሩ ቁጥር ግን ከሰባዎቹ አልወጣም፤ ላየው ሰው ሁሉም ደህና ይመስላል። መቶ አስራ ስምንት ላይ መስመሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተጻፈ የለም።

ሮቢት የላከኝ ለሌለ ካርድ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። እኔ ካለሁ እንደማላስነካው ያውቃል። ሦስተኛውንም ሰርግ ለሐሙስ ቃል ገብቶ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት። መንገዱን ደግሞ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩለት ወረቀት አሁንም ስክሪኑ ጎን ተለጥፏል፤ ሁለቱ ቀይ መስመሮች አሉ። ያመመኝ ቁጥሩን መጨመሩ አልነበረም። ሰው ይቸኩላል። ያመመኝ ጆንያውን ከመስኮቱ አውርዶ በእጁ ይዞ መጠበቁ ነው።

አጎቴ ሲገባ ስክሪኑን አላጠፋሁም። ቆሞ አነበበ። ማንበቡን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ቀረጻው ተርፏል?» አለ።

«ተርፏል።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና ወጣ።

መስመሮቹን በደብተሬ ላይ በእጄ ገለበጥኳቸው፤ የመጨረሻውን ጨምሮ። ፊልሙን በአሮጌው ኮምፒውተር፣ በራሱ ፍጥነት፣ አራት ቀን ጠብቄ ጨረስኩትና ለእትዬ ወስጄ ሰጠሁ። ተቀበሉኝ፤ ሻይም አቀረቡልኝ። ስወጣ «ሁለተኛ ውሃና መብራት እንዳታገናኚ፣ እሺ ልጄ? ራስሽንም ይገድልሻል» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በሦስተኛው ወር አጎቴ ደወለልኝ። ድምፁ የድሮው ነው።

«ኢንጂነር! እንዴት ነው ትምህርቱ? ጠፋሽ እኮ! አዲስ ቦርድ ገጥሜያለሁ። ያንን ቁጥር ረሳሁት፤ ስንት ነበር የምናደርገው?»

«ወረቀቱስ?»

«ቀደድኩት መሰለኝ። አንቺ ደብተር ላይ አለ አይደል?»

እልክልሃለሁ አልኩት። ዶርም ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። የማክሰኞው ገጽና የረቡዑ ገጽ ፊት ለፊት ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ማየቱን ስልኬ አሳየኝ። ብዙ ቆይቶ ጻፈ፤ «ደርሶኛል። ፋኑ በየት በኩል ነበር የሚታሰረው?»

የረቡዑን ገጽ አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፤ «ከፕሮሰሰሩ በስተግራ፣ ወደ ጥቋቁሮቹ ዞሮ። ጋሼ፣ ዱዓው ያሰረው እኔን ነው። እኔ ባነሳው ዱዓ አፈረሰች እባላለሁ። አንተ ሄደህ ለእትዬ ብትነግራቸው ግን ማንም አፈረስክ አይልህም። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይህንንም አየው። 

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ጠየቅኳት። አዲሱ ማሽን አንዴም ጠፍቶ አያውቅም አለችኝ። ትንሽ ፋን በሽቦ ታስሮበታል፤ በግራ በኩል ነው መሰለኝ አለች።

«እትዬ ዘንድ ሄዶ ያውቃል?» አልኳት።

«ለምን ይሄዳል?»

«እንዲያው ነው።»

ሳቅ እያለች ቀጠለች። «መስኮቱ ላይ ግን ጆንያ የሚባል እንዳይሰቀል ብሏል። የመጣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሲያማርር፣ የእህቴ ልጅ ያደረገችኝን አልሰማችሁም ወይ እያለ ያወራል።»